ግጭ፦ የአንዲት የስሜን ተራራ መንደር ታሪክና መልክዓ ምድር

ስለ ስሜን ተራሮች የተጻፈውን ታሪክ ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ማን በየትኛው አምባ እንደ መሸገ፣ የትኛው ንጉሥ በየትኛው ዘመቻ ገደሉን ጥሶ እንደ ወጣ፣ የትኛው መስፍን የት ድል እንደ ሆነ በብራናም በወረቀትም ሰፍሮ ይገኛል። በዚያው ተራራ ላይ ገብስ ዘርቶ፣ ውርጭ ተቋቁሞ፣ ልጅ አሳድጎ ያለፈው ገበሬ ግን ስሙ የሚነሣው ግብር ሲጣልበት ወይም ሠራዊት በማሳው ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አንድ ሦስተኛ አጋጣሚ ተጨምሯል፤ ይኸውም ከመሬቱ እንዲነሣ ሲወሰን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግጭ የተባለችውን የስሜን መንደር ታሪክ ከመልክዓ ምድሯ ጋር አያይዞ ማየት ነው። ግጭ ዛሬ ሰው አይኖርባትም። ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ተጠቃልለው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ከቤቶቻቸው ላይ የሚነሣ ጭስ፣ ከአውድማቸው የሚሰማ የበሬ ድምፅ የለም። ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ ያለፈውን የሚመለከት ብቻ አይሆንም። አንድ ቦታ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው ሲባል በዚያ ቦታ ላይ የኖረው ሰው ከቅርሱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህ ጥያቄ የሕግና የመልክዓ ምድር ሊቃውንትን ያህል የባህልን ሰዎችም ይመለከታል።

መልክዓ ምድሩ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ ወደ ስሜን ከፍታ የሚወስደውን መንገድ ያገኛል። ይህ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈነዳ የቀለጠ ዐለት በላይ በላዩ ያፈሰሰ ታላቅ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። የዐለቱ ድርብርብ ከጊዜ ብዛት በዝናብና በወንዝ ሲቦረቦር በሰሜን በኩል ያለው ጎኑ ተሸርሽሮ አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ሆነ። በደቡብ በኩል ያለው ግን ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ፣ ለበሬና ለማረሻ የሚመች ተረተር ሆኖ ቀረ። ስሜን ሁለት ፊት አለው ማለት ይቻላል። በአንደኛው ፊት ዋልያ ይኖራል፤ በሌላው ፊት ሰው ያርስበት ነበር።

ግጭ የነበረችው ሁለቱ ፊቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከሳንቃ በር ተነሥቶ ወደ መንደሯ የሚሄድ ሰው ቁልቁል ወርዶ የጅንባርን ወንዝ ይሻገራል፤ ከዚያም ዳገቱን ይያያዘዋል። ያው የጅንባር ወንዝ ጥቂት ወረድ ብሎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ራሱን ይወረውርና በመቶ ሜትሮች በሚቆጠር ፏፏቴ ከጥልቁ ይገባል። ከመንደሯ በላይ 3 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የግጭ ሜዳ ይዘረጋል። ከሜዳው ጫፍ ላይ ደግሞ 3 ሺህ 926 ሜትር የሚረዝመው እሜት ጎጎ ቆሞ ቆላውን ከላይ ይመለከታል።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከሁሉ በላይ ያለውን ውርጭ ብለውታል። የአየሩ ጠባይ ስም የአገሩ ስም ሆኖ የቀረው በከንቱ አይደለም። ከ3 ሺህ 200 ሜትር ወዲያ ጤፍ አይበቅልም፤ በቆሎና ማሽላ አይታሰቡም። አገሩን የያዙት ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ናቸው። ከእህል ወገን ብርዱን ደፍሮ እስከዚህ የሚወጣው ገብስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ወደ 3 ሺህ 700 ሜትር ሲጠጋ ውርጩ ያሸንፈዋል። የግጭ ገበሬ እንግዲህ እህል ሊበቅል በሚችልበት የመጨረሻ ወሰን ላይ ያርስ ነበር።

በመዛግብት የተጻፈውና ያልተጻፈው

ስሜን በጽሑፍ የታወቀው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በ6ኛው ምእተ ዓመት በአዱሊስ ወደብ ያለፈው ነጋዴ ኮስማስ በድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ያገኘውን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ካስገበራቸው አገሮች መካከል ስሜንን ይጠቅሳል። ሕዝቡ መውጫ በሌለው ተራራ ላይ እንደሚኖር፣ በረዶውም የሰው ጉልበት ድረስ እንደሚያሰጥም ይናገራል። ስሜን በጽሑፍ ከተገለጠባቸው የመጀመሪያ መስመሮች አንሥቶ ብርዱና ግብሩ አብረው መነሣታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሜን የቤተ እስራኤል መሳፍንት መመኪያ ሆነ። በ16ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛው መጀመሪያ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ ብዙ ሠራዊት አስከትለው አምባዎቹን ወጉ። የቤተ እስራኤል ኃይል ተሰበረ፤ ከርስቱ የተነቀለውም ሕዝብ ኑሮው በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ላይ ወደቀ። በዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ስሜን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አገር ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ ድል ሲሆኑ ደጃዝማች ካሣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘመነ መሳፍንት ያከተመው በዚህ ተራራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የግጭ ገበሬዎችን የመሰሉ ሰዎች የት ነበሩ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ስለ መሬት ሥሪቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ግጭ የሙስሊሞች መንደር ነበረች። በጎንደር ዘመን፣ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. ባካሄዱት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኗል። በነገሥታቱ ግዛት ውስጥ ሙስሊሙ በጠቅላላው የርስት መብት ተነፍጎ ስለ ነበር ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆኑ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አስገደደ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሙስሊም ገበሬ ማንም በማይሻማው የውርጭ ወሰን ላይ ሲያርስ ቢያገኘው እንግዳ አይሆንበትም። ለምለሙ ወይና ደጋ ባለቤት ነበረው፤ ተራራው ግን ጉልበትና ትዕግሥት ላለው ሁሉ ክፍት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የዘመናት ልዩነት በሕግ ፊት ሻረው። መሬት ለአራሹ ሲባል የአራሹ ሃይማኖት አልተጠየቀም። ነገር ግን አዋጁ በወጣበት ጊዜ የግጭ መሬት በሌላ ሕግ ተይዞ ነበር። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን በመንደሯ የነበረውን ኑሮ እንይ።

የገብስ ኑሮ

የግጭ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የተወለደ ጥቁር አፈር ነው። ሲይዙት ቀላል፣ ውኃ ሲጠጣ እንደ ስፖንጅ የሚይዝ፣ ለገብስ የተመቸ። ደግነቱ ግን ጠላቱም ነው። ቀላል በመሆኑ አንድ ጊዜ ሣሩ ተገፎ ማረሻ ከገባበት ጎርፍ ያለ ችግር ይሸከመዋል። በግጭ ሜዳ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት የሚወርድ ነው። ማሳው ታርሶ ራቁቱን በቆመበት፣ ቡቃያው ገና አፈሩን ሳይሸፍን የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሲመጣ ከፍተኛው ጥፋት ይደርሳል።

ገበሬው ይህን አላጣውም። በማሳው ላይ አግድም ፈሰስ እያወጣ ጎርፉን ወደ ጎን ይመራ ነበር። የደከመውን መሬት ያሳድር ነበር። ድንጋይ ለቅሞ በወሰን ላይ ይከምር ነበር። ከብቱ ፋንድያ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን አስታው እየራቀ፣ ማገዶው እየጠፋ ሲሄድ ለማሳው ሊሆን የሚገባው ፋንድያ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ገባ። ልጅ በልጅ ላይ ሲጨመር የማሳደሪያው ዘመን አጠረ። እርሻው ወደ ቁልቁለቱ ወጣ። እንዲህ እያለ ሰው ያለ ክፋት፣ ከእጦት የተነሣ ብቻ፣ የሚበላበትን ገበታ እየበላ ሄደ።

በ1960ዎቹ ማብቂያ የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ በስሜን የኖረው ስዊሳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በጅንባር ሸለቆ የአፈሩን መሸርሸር በትጋት አጥንቷል። ጥናቱ ለኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ሳይንስ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ያረጋገጠውም እውነት መራራ ነው፤ በታረሰው ቁልቁለት ላይ የሚሄደው አፈር ተፈጥሮ ከምትተካው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለ ግጭ በፍቅር የሚጽፍ ሰው ይህን እውነት መሸሸግ አይገባውም። መንደሯ ባትነሣም ኖሮ መሬቷ ሕዝቧን ለዘለዓለም ሊቀልብ አይችልም ነበር።

ዋልያና ሕግ

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ ስሜንን ከጎበኘ በኋላ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ መዝግቦ አስተዋወቀ። ሦስቱንም የተራራው ሰው ከጥንት ጀምሮ በየስማቸው ሲጠራቸው ኖሯል። ሩፔልም ለዋልያና ለጭላዳ ከሕዝቡ አፍ የሰማውን ስም በላቲን መዝገብ ላይ አሰፈረ። ስሙ ዓለምን ዞረ፤ ስሙን ያወጣው ሕዝብ ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። በጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጠመንጃ በተራራው ሲበዛ ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆጠረው ወደ 150 ብቻ ነበር። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ግጭም ከነማሳዋ፣ ከነመስጊዷ፣ ከነመቃብሯ በዚህ ክልል ውስጥ ዋለች። ሕጉ በፓርክ ውስጥ መኖርን፣ ማረስንና ከብት ማሰማራትን ከለከለ፤ ሕዝቡ ግን በዚያው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግጭ ገበሬ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ በአያቱ ማሳ ላይ እንደ ቆመ፣ ሕግ ተላላፊ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የመሬት አዋጅ ያንኑ ሰው የመሬቱ ተጠቃሚ አደረገው። አንዱ ሕግ ሲሰጠው ሌላው እየከለከለው ሁለቱ ሕጎች በአንድ ማሳ ላይ ተገናኙ።

በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ስሜንና ላሊበላ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ይህ ለአገራችን ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ከክብሩ ጀርባ ያለውም ሊነገር ይገባል። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከገደሉ ግርጌ ይኖሩ የነበሩ ከ1 ሺህ 200 እስከ 1 ሺህ 800 የሚገመቱ ሰዎች በኃይል ከመንደሮቻቸው ተነሡ። ቂም ተረፈ። በጦርነቱ ዓመታት ፓርኩ ጠባቂ አልነበረውም፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የፓርኩ ሕንጻዎች ወድመው ተገኙ፤ የተነሣውም ሰው ብዙው ወደ ቀድሞ መሬቱ ተመለሰ። በኃይል የተጠበቀ ነገር ኃይሉ ሲላላ እንደማይቆይ ስሜን በራሱ ላይ አሳየ።

በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ ያለፈው የመኪና መንገድ ይገኙባቸዋል። መንገዱን የሠራው የግጭ ገበሬ አይደለም። መፍትሔው ሲፈለግ ግን መጀመሪያ የታየው እርሱ ነው።

2008 ዓ.ም.

መፍትሔው ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው የፓርኩን ወሰን ማሻሻል ነው፤ ብዙ ሕዝብ ያለባቸው መንደሮች ከወሰኑ ውጭ ሲሆኑ በሌላ በኩል የዱር እንስሳቱ የሚኖሩባቸው ሰፋፊ ቦታዎች ገብተው ፓርኩ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ። ግጭ ግን ከፓርኩ እምብርት ላይ ስለ ነበረች ወሰን በመለወጥ ልትወጣ አልቻለችም። ስለዚህ ሁለተኛው መፍትሔ ለእርሷ ሆነ። ከብዙ ዓመት ውይይት በኋላ ከ400 በላይ የሆኑ አባወራዎች፣ በጠቅላላው ከ2 ሺህ 500 የማያንስ ሕዝብ፣ በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሎትና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት በደባርቅ ሰፈረ። በ2009 ዓ.ም. ማገባደጃ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በሰነድ ላይ ታሪኩ እዚህ በመልካም ያበቃል።

በኑሮ ላይ ግን አላበቃም። ካሳ በገንዘብ ይከፈላል፤ ገንዘብም ገበሬ ሊሠራበት የሚያውቀው መሣሪያ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ዕለት ዕለት ሰማይ አይቶ ውርጭ መጣ አልመጣ የሚለየው ሰው በከተማ ዳር ያ ዕውቀቱ ለማን ይሸጥለታል? ወጣቱ የቀን ሥራ፣ በቅሎ መጫን፣ ጎብኚ መምራት ይሞክራል፤ አዛውንቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወደ ምሥራቅ ያያል። በመንደሯ እንግዳ ገብቶ ቡና ሲጠጣ ከቤቱ ባለቤት እጅ ጥቂት ብር ይገባ ነበር፤ ያም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውስ? ሜዳው አገገመ፤ ሣሩ ተመልሶ ረዘመ፤ ይህ የማይካድ ትርፍ ነው። ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ከፍታ ላይ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ለማጥፋት ሕዝቡ ከየመንደሩ ተጠራርቶ ወጣ፤ ከእስራኤልና ከኬንያ ርዳታ እስኪመጣ ድረስ ቅርንጫፍ ይዞ ከእሳቱ ጋር የታገለው ያው የተራራው ሰው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ስሜን ዘለቀ፤ ጥበቃው ተዳከመ። በ2000ዎቹ ከ800 በላይ ደርሶ የነበረው የዋልያ ቁጥር ዳግመኛ በብዙ እጅ አሽቆለቆለ። የዋልያ ጠላት የግጭ ገብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገብሱ ከጠፋ በኋላ ዋልያ በበዛ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ሕዝቡ ተመልሶ ይስፈር አንልም። የአፈሩን ነገር ከላይ አይተናል። የምንለው ይህ ነው፦ ሰውን ማንሣት ግድ ሆኖ በተገኘ ጊዜ እንኳ ከሰውዬው ጋር የሚሄደው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅና መመዝገብ ነበረበት። የግጭ ሰው በውርጭ ወሰን ላይ የሚያፈራውን ገብስ ዘር በዓይኑ ለይቶ ያውቃል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ፣ ጎርፍ በየትኛው ፈሰስ መመለስ እንዳለበት፣ ዋልያ በየትኛው ወራት ወደ የትኛው አፋፍ እንደሚወጣ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ያከማቸው በብዙ ትውልድ ድካም ነው። የተነሡት አባወራዎች ሲቆጠሩ ግን ይህ አልተቆጠረም።

ለእኛ የቀረው ሥራ

የተራራውን አለት፣ ተክልና እንስሳ የውጭ አገር ሊቃውንት አጥንተውታል፤ ስዊሳዊው በርንሃርድ ኒቨርገልት በዋልያ ኑሮ ላይ፣ ሁርኒ በአፈሩ ላይ የደከሙት ድካም ምስጋና ይገባዋል። የሰውን ድርሻ መጻፍ ግን ቋንቋውን ከምናውቀው ከእኛ የሚጠበቅ ነበር። እኛ የመድረክና የብዕር ሰዎች ስለ ስሜን በጻፍን ቁጥር ዋልያን የኩራት ምልክት፣ ገደሉን የጀግንነት ምሳሌ አድርገናል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ገብሱን ውርጭ እንዳይመታበት ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ ያደረ ገበሬ በተውኔቶቻችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሯል?

ጊዜው ገና አላለፈም፤ ግን አጭር ነው። በግጭ ጎጆ ተወልደው፣ በግጭ ማሳ አርሰው፣ በስተርጅና ደባርቅ የገቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የልጅ ልጆቻቸው በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። አንድ የታሪክ ወይም የመልክዓ ምድር መምህር ተማሪዎቹን ወደየአያቶቻቸው ልኮ የየማሳውን ስም፣ የየምንጩን ስም፣ የየዳገቱን ስም አስጽፎ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ቢያስላቸው ማናቸውም የታተመ ካርታ ያልያዘው የግጭ ካርታ ይወጣል። በየወረዳው የባህል ሥራ ላይ ያሉ ካድሬዎችም ድምፅ መቅጃ ይዘው የደቦውን ዘፈን፣ የአውድማውን ምርቃት፣ የመንደሯን አመሠራረት የሚተርከውን ወግ ከአዛውንቱ አፍ ሊቀበሉ ይችላሉ። ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

ከያኒውም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። ከሳንቃ በር ተነሥቶ ጅንባርን ቢሻገር ዳገቱ ላይ የቤቶቹን ፍራሽ ያገኛል፤ ከሣሩ ሥር የጥንቱን ትልም መስመር፣ በወሰን ላይ የተከመረውን ድንጋይ ያያል። ያን ድንጋይ አንድ በአንድ ለቅመው የከመሩት እጆች አሉ። ወደ ደባርቅ ሲመለስ እነዚያን እጆች ፈልጎ ይጨብጥ፤ ወረቀቱንም ከዚያ በኋላ ያውጣ።